በካኑላ በኩል የሚገባው ሞት

ሆስፒታል ተኝቶ ታክሞ፣ ክንዱ ላይ ካኑላ ሳይገባለት ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ጥቂት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ተኝተው ከሚታከሙ ሰዎች እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት በቆይታቸው በአንዱ ቀን ይህች ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ታስፈልጋቸዋለች። ፈሳሹ፣ መድኃኒቱ፣ ደሙ የሚገባው በእርሷ ነው። ከመለመዷ የተነሣ ሐኪሙም ነርሱም ታካሚውም አደጋ አድርገው አይቆጥሯትም። ቆዳችን ግን ባክቴሪያ ወደ ደም እንዳይዘልቅ የሚከለክል አጥር ነው፤ ካኑላ ደግሞ በዚህ አጥር ላይ ሆን ተብሎ የተከፈተ፣ ለቀናት ሳይዘጋ የሚቆይ በር ነው።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 የዓለም ጤና ድርጅት በትንንሽ የደም ሥሮች ውስጥ ከሚገቡ ቱቦዎች የሚመጣውን የደም ኢንፌክሽን ለመከላከል የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ መመሪያ አወጣ። መመሪያው 14 የመልካም አሠራር መግለጫዎችና 23 ምክረ ሐሳቦች አሉት፤ ከእጅ መታጠብ ጀምሮ ካኑላው እስከሚነቀልበት ሰዓት ድረስ ያለውን ሁሉ ይዳስሳል። ድርጅቱ ያነሣው አኃዝ ከባድ ነው። ከ2000 እስከ 2018 ባለው ጊዜ በጤና ተቋም ውስጥ የደም መመረዝ ከያዛቸው ታካሚዎች በአማካይ 24.4 በመቶው ሞተዋል፤ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ከነበሩት ደግሞ 52.3 በመቶው። እነዚህ ሰዎች ሆስፒታል የገቡት በሌላ በሽታ ነው። የገደላቸው ግን ለመዳን በገቡበት ቤት ያገኙት ኢንፌክሽን ነው። የዚህ ኢንፌክሽን ምንጭ ሁልጊዜ ቱቦ ባይሆንም፣ ቱቦ ዋነኛ ከሆኑት መንገዶች አንዱ ነው።

ይህ ሞት የዕድል ጉዳይ አይደለም፤ እንደሚቀንስ በተግባር ታይቷል። የሚቀንሰውም ውድ በሆነ መሣሪያ ሳይሆን፣ ማን ምን የማድረግና ማንን የማስቆም ሥልጣን እንዳለው በመወሰን፣ ዕቃው በሰዓቱ እጅ ላይ እንዲገኝ በማድረግና በትክክል በመቁጠር ነው። እነዚህ ሦስቱ ለእኛም አገር ሆስፒታሎች ከአቅም በላይ ናቸው ብዬ አላምንም።

ጀርሙ እንዴት ይገባል?

ባክቴሪያ ወደ ደም ሥር የሚደርስባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው። የመጀመሪያው የታካሚው የራሱ ቆዳ ነው። በቆዳችን ላይ የሚኖሩት የስታፊሎኮከስ ዝርያዎች ቱቦው በገባበት ቀዳዳ፣ በቱቦው ውጫዊ ገጽ ላይ እየተሳቡ ወደ ውስጥ ይዘልቃሉ። ቱቦው አዲስ በሆነባቸው ቀናት ዋናው መንገድ ይህ ነው። ሁለተኛው የቱቦው አፍ ነው፤ መርፌ የሚሰካበት፣ የግሉኮሱ መስመር የሚገጠምበትና በቀን ብዙ ጊዜ የሚነካው ቦታ። ቱቦው ለረጅም ጊዜ ሲቆይ የአደጋው ሚዛን ወደዚህ ያደላል። ሦስተኛው ከሌላ የሰውነት ክፍል በደም ተጉዞ ቱቦው ላይ የሚያርፍ ጀርም ነው። አራተኛው ደግሞ የሚሰጠው ፈሳሽ ራሱ የተበከለ ሲሆን ነው፤ ይህ ከሌሎቹ ያነሰ ቢሆንም በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው ይጎዳል።

ባክቴሪያዎቹ ፕላስቲኩ ላይ ከተቀመጡ በኋላ ተጣብቀው ባዮፊልም የሚባል ሙጫ መሰል ሽፋን ይሠራሉ። በዚህ ሽፋን ሥር የተደበቀን ባክቴሪያ አንቲባዮቲክ በቀላሉ አይደርስበትም። ሐኪሞች በብዙ ሁኔታ መድኃኒት ከመጨመር ይልቅ ቱቦውን አውጥቶ መጣልን የሚያስቀድሙት ለዚህ ነው። መከላከል ከሕክምናው ይህን ያህል የሚልቅበት በሽታ ብዙ አይደለም።

በሚሺጋን የሆነው

በዚህ ጉዳይ ላይ በጣም የሚታወቀው ታሪክ ክንድ ላይ ስለሚገባው ካኑላ ሳይሆን፣ በአንገት፣ ከአንገት በታች ካለው አጥንት ሥር ወይም በብሽሽት በኩል ገብቶ ልብ አጠገብ ወዳለው ትልቅ የደም ሥር ስለሚደርሰው ማዕከላዊ ቱቦ ነው። ይህ ቱቦ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ያሉ ታካሚዎች የሚኖሩበት መስመር ነው፤ አደጋውም ከካኑላ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ በሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ሐኪም የሆኑት ፒተር ፕሮኖቮስት አምስት ነገሮችን በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። እጅን መታጠብ፤ የታካሚውን ቆዳ ክሎርሄክሲዲን በተባለው ጀርም ገዳይ ማጽዳት፤ ታካሚውን ከራስ እስከ እግር ከጀርም በጸዳ ጨርቅ መሸፈን፣ ሐኪሙም ቆብ፣ ማስክ፣ የጸዳ ጋውንና ጓንት መልበስ፤ በተቻለ መጠን ብሽሽትን አለመጠቀም፤ የማያስፈልግ ቱቦን ወዲያውኑ ማውጣት። ከእነዚህ ውስጥ አንዱም አዲስ ግኝት አልነበረም። ማንኛውም የሕክምና ተማሪ ሲጠየቅ የሚመልሳቸው ናቸው።

ፕሮኖቮስት መጀመሪያ ያደረጉት ነርሶች ለአንድ ወር ዝም ብለው እንዲመለከቱና እንዲመዘግቡ መጠየቅ ነበር። ውጤቱ በዓለም ካሉ ታላላቅ ሆስፒታሎች አንዱ ለሆነው ተቋም አስደንጋጭ ነበር፤ ከታካሚዎቹ ከአንድ ሦስተኛ በላይ በሚሆኑት ላይ ሐኪሞቹ ቢያንስ አንዱን ደረጃ ዘልለዋል። ሰዎቹ አላዋቂዎች አልነበሩም። ቸኩለው ነበር፤ ዕቃው በየቦታው ተበታትኖ ነበር፤ የጸዳው ጨርቅ በአንድ መደርደሪያ፣ ጋውኑ በሌላ፣ ክሎርሄክሲዲኑ ደግሞ ጭራሽ ላይኖር ይችል ነበር። ስለዚህ የሚያስፈልገው ሁሉ በአንድ ጋሪ ላይ ተሰብስቦ ወደ ታካሚው አልጋ እንዲገፋ ተደረገ።

ለእኔ የዚህ ታሪክ እምብርት ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። የሆስፒታሉ አመራር ነርሶች ሐኪሙ አንድ ደረጃ ሲዘል ካዩ ሥራውን እንዲያስቆሙ ሥልጣን ሰጣቸው። ነርሷ «ዶክተር፣ ጋውን አልለበሱም» ብላ ማስቆም ቻለች፤ ሐኪሙ ቢቆጣ አመራሩ ከእርሷ ጎን እንደሚቆም ታውቅ ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ በዚያ ክፍል፣ ቱቦ በገባ በአሥር ቀናት ውስጥ የሚከሰተው ኢንፌክሽን ከ11 በመቶ ወደ ዜሮ ወረደ። በእኛ ሆስፒታሎች ውስጥ በሐኪምና በነርስ መካከል ያለውን ርቀት የሚያውቅ ሰው፣ ከአምስቱ ደረጃዎች ይልቅ ይህ ስድስተኛው እንደሚከብድ ይገባዋል። ወረቀቱን ከኢንተርኔት አውርዶ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይቻላል፤ ሥልጣኑን ግን የሚሰጠው ሜዲካል ዳይሬክተሩ ብቻ ነው።

ይህ አሠራር ከ2003 ጀምሮ ወደ ሚሺጋን ግዛት ሄዶ ከ100 በላይ በሆኑ የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ተሞከረ። እዚያም መጀመሪያ የተገኘው ችግር የዕውቀት አልነበረም። ክሎርሄክሲዲንን በመደበኛነት የሚያከማቹት ክፍሎች ከአንድ ሦስተኛ በታች ነበሩ። ነርስም ሐኪምም የግዢ ትእዛዝ መፈረም አይችልም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ከፍተኛ የሆስፒታል ኃላፊ ተመድቦ በየወሩ ክፍሉ ድረስ እየመጣ «ምን ጎደለ?» ብሎ እንዲሰማ ተደረገ። ኃላፊዎቹ ክሎርሄክሲዲኑን አስገዙ፤ የጸዳው ትልቅ ጨርቅ ከቱቦው ጋር በአንድ ጥቅል እንዲመጣም ተደረገ።

ውጤቱ በ2006 መጨረሻ በታዋቂው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ታተመ። የሚለካው ቱቦ በታካሚዎች ላይ በዋለባቸው በእያንዳንዱ 1,000 ቀናት ስንት ኢንፌክሽን ተከሰተ በሚል ነው። አማካዩ ከ7.7 ተነሥቶ ከ16 እስከ 18 ወራት በኋላ ወደ 1.4 ወረደ። ከክፍሎቹ ግማሽ የሚሆኑት ደግሞ በሦስት ወራት ውስጥ ምንም ኢንፌክሽን ያልተመዘገበባቸው ሆኑ። በ2010 የወጣው ቀጣይ ጥናት እንዳሳየውም ውጤቱ ከሦስት ዓመት በኋላ አልጠፋም። በአገር ደረጃም በአሜሪካ የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች በ2001 ወደ 43,000 ይገመት የነበረው ይህ ኢንፌክሽን በ2009 ወደ 18,000 ወርዷል። በመካከሉ በ2008 ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት የጤና መድን፣ ታካሚው ሆስፒታል ከገባ በኋላ በቱቦ ምክንያት ለያዘው ኢንፌክሽን ተጨማሪ ክፍያ አልፈጽምም ብሎ ነበር፤ ገንዘብም የራሱን ድርሻ እንደተጫወተ መካድ አይቻልም።

ወረቀቱ ብቻውን አይሠራም

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ ለሁሉም ሆስፒታል አንድ ገጽ ማሰራጨት ይበቃ ነበር። እንግሊዝ ግን ሌላ ነገር አስተማረች። ከ2009 እስከ 2011 የሚሺጋንን ሥራ ለመድገም ከ200 በላይ የጽኑ ሕሙማን ክፍሎችን ያሳተፈ ፕሮግራም ተካሄደ። በአዋቂዎች ክፍሎች ቁጥሩ ከ3.7 ወደ 1.48 ወረደ፤ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ችግሩ ፕሮግራሙን ገና ባልጀመሩት ክፍሎችም ቁጥሩ እየወረደ መሆኑ ነበር። ለውጡ የፕሮግራሙ ነው ወይስ ቀድሞ የተጀመረ አገራዊ ጥረት ውጤት? አጥኚዎቹ ለይተው መናገር አልቻሉም። በክፍሎቹ ውስጥ ተገኝተው አሠራሩን የታዘቡ የማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪዎች ደግሞ ሌላ ነገር አዩ፤ ክፍሎቹ ኢንፌክሽንን የሚቆጥሩበት መንገድ ይለያይ ነበር። ክፍሉ የደም ናሙና ወደ ላቦራቶሪ የሚልከው በብዛት ነው ወይስ አልፎ አልፎ? ኢንፌክሽኑ የቱቦው ነው ብሎ የሚወስነውስ ማን ነው? በእነዚህ ላይ ስምምነት ከሌለ የአንዱ ክፍል ዜሮና የሌላው ዜሮ አንድ አይደሉም።

ከዚያም ኮቪድ መጣ። በ2020 የመጨረሻ ወራት በአሜሪካ ሆስፒታሎች ከማዕከላዊ ቱቦ የሚመጣው የደም ኢንፌክሽን ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት ጋር ሲነጻጸር ወደ ግማሽ በሚጠጋ መጠን ጨመረ። ባለሙያዎቹ የሚያውቁትን አልረሱም። ነገር ግን አንድ ነርስ ከሚገባው በላይ ታካሚ ይዞ ነበር፤ ታካሚዎች በሆዳቸው ስለሚተኙ የአንገት ቱቦን ፋሻ ማየትና መቀየር ያስቸግር ነበር፤ ከሌላ ክፍል የተላኩ ሠራተኞች አሠራሩን አያውቁትም ነበር። የብዙ ዓመታት ድካም በጥቂት ወራት ይህን ያህል ወደ ኋላ ከተመለሰ፣ ኢንፌክሽኑን ይዞት የነበረው በቂ የሰው ኃይልና ጊዜ ነበር ማለት ነው። አንድ ነርስ በአንድ ፈረቃ በጣም ብዙ ታካሚ በሚይዝባቸው የእኛ ክፍሎች ይህ ነጥብ ከማንኛውም መመሪያ በፊት መነሣት አለበት።

ትንሿ ካኑላ፣ ትልቁ ቁጥር

ክንድ ላይ የሚገባው ካኑላ ለየብቻው ሲታይ አደጋው ትንሽ ነው፤ ብዛቱ ግን ከማዕከላዊው ቱቦ ጋር አይወዳደርም። ትንሽ አደጋ በብዙ ሚሊዮን ሲባዛ ትንሽ አይሆንም። በብዙ ሆስፒታሎች በጽኑ ሕሙማን ክፍል ያለው ቱቦ በደንብ ክትትል ሲደረግበት፣ በተራው ክፍል ያለው ካኑላ ግን ማንም ሳያየው ይቀራል።

«በየስንት ቀኑ ይቀየር?» የሚለው ጥያቄ ባለሙያዎችን እስከ ዛሬ ያከራክራል። በአውስትራሊያ ክዊንስላንድ በሦስት ሆስፒታሎች ከ3,000 በላይ ታካሚዎችን ያካተተና በ2012 የታተመ ጥናት ካኑላውን በየሦስት ቀኑ መቀየርንና ችግር ሲታይ ብቻ መቀየርን አነጻጸረ። የደም ሥር መቆጣት በሁለቱም ቡድን 7 በመቶ ሆነ። ስለዚህ ታካሚውን ያለ ምክንያት ደጋግሞ መውጋት አያስፈልግም የሚለው ሐሳብ ኃይል አገኘ። የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎችም በ2018 በየ96 ሰዓቱ መቀየርን ትተው «ሲያስፈልግ ብቻ» ወደሚለው ተሸጋገሩ። ከ400,000 በላይ ካኑላዎችን የተከታተለው ጥናታቸው ግን የደም ኢንፌክሽኑ ሰባት እጥፍ ገደማ መጨመሩን አሳየ። በ2019 መኸር ወደ ቀድሞው አሠራር ሲመለሱ ቁጥሩ መልሶ ወረደ።

ሁለቱ ጥናቶች የሚጋጩ ይመስላሉ፤ እኔ ግን እንዲህ ነው የምረዳቸው። «ሲያስፈልግ ብቻ» የሚለው መመሪያ የሚሠራው በየፈረቃው ካኑላውን የሚያይ፣ ቦታውን የሚዳስስና መቅላት ሲጀምር የሚነቅል ሰው ካለ ነው። በጥናት ውስጥ ያለ ታካሚ ይህ ክትትል አለው። በተጨናነቀ የዘወትር ክፍል ግን «ሲያስፈልግ» የሚለው ቃል በቀላሉ «ማንም እስኪያስታውስ» ይሆናል። የሰው ኃይል ባነሰበት ቦታ፣ ፕላስተሩ ላይ የገባበትን ቀንና ሰዓት መጻፍና ለመነቀያውም ቀን መቁረጥ ለታካሚው የተሻለ መተማመኛ ይመስለኛል።

አገራችን ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በብዙ የመንግሥት ሆስፒታሎች ካኑላውን፣ ጓንቱን፣ አንዳንዴም ፕላስተሩን አስታማሚው ከውጭ ፋርማሲ ገዝቶ ያመጣል። ደም ሥሩ ጠፍቶ ሦስትና አራት ጊዜ የተወጋ ታካሚ ላይ በመጨረሻ የገባን ካኑላ መንቀል ማንም አይፈልግም፤ ነርሱም ቤተሰቡም «ይሠራ የለም ወይ?» ይላሉ። ይህን የሚሉትን ሰዎች መውቀስ አልችልም። ግን የሚሠራ ካኑላ ሁሉ ንጹሕ ካኑላ አይደለም፤ ፈሳሽ እያሳለፈ ባክቴሪያም ሊያሳልፍ ይችላል።

ሌላም ትንሽ የሚመስል ልማድ አለ። በመርፌ ክፍሎች ጠረጴዛ ላይ በአልኮል የተነከረ ጥጥ የሞላ ዕቃ ተቀምጦ ሁሉም እጁን እየሰደደ ያወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ጥጥን አስቀድሞ ነክሮ ማስቀመጥን በግልጽ ይከለክላል፤ ዕቃው ውስጥ ያለው ጥጥ በእጅና በአየር ይበከላልና። አልኮሉ ቆዳው ላይ እስኪደርቅ አለመጠበቅና ከጸዳ በኋላ ደም ሥሩን መልሶ በጣት መዳሰስም እንዲሁ ናቸው። የቱቦውን አፍ ከመድኃኒት በፊት ከ5 እስከ 15 ሰከንድ በአልኮል ማሸት ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚዘነጋው ነው። የቆዳ ማጽጃውን በተመለከተ በፈረንሳይ ተካሂዶ በ2015 የታተመ ትልቅ ጥናት፣ ክሎርሄክሲዲን ከአልኮል ጋር ሲሆን አዮዲን ከአልኮል ጋር ከሚሆነው ይልቅ ከቱቦ የሚመጣን ኢንፌክሽን በብዙ እጥፍ እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ በ1,000 ቀናት 0.28 ከ1.77 ጋር ሲነጻጸር።

ያልገባ ካኑላ

ከሁሉ የሚያስተማምነው ካኑላ ግን ያልገባው ነው። እዚህ ላይ ስለ ራሳችን በግልጽ መነጋገር አለብን። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ሴፍትሪያክሰን የተባለው በመርፌ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ከሚገባው በላይ እንደሚታዘዝ በተለያዩ ከተሞች የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። እያንዳንዱ ሳያስፈልግ የታዘዘ የደም ሥር መድኃኒት ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ አንድም ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንዲለምድ ያደርጋል፣ አንድም ካኑላው ክንድ ላይ እንዲቆይ ምክንያት ይሆናል። ታካሚው መብላትና መዋጥ ከጀመረ፣ ትኩሳቱም ከበረደ፣ በብዙ ኢንፌክሽኖች ወደሚዋጥ መድኃኒት መሸጋገር ይቻላል። በጠዋቱ የሐኪሞች ዙር ላይ «ዛሬ ወደ ኪኒን ይሸጋገር?» ብሎ መጠየቅ ምንም ወጪ የለውም።

ጥፋቱን በሙያተኛው ላይ ብቻ መጣልም ትክክል አይሆንም። ደከመኝ ብሎ ወደ ክሊኒክ ሄዶ ግሉኮስ እንዲሰጠው የሚጠይቅ፣ ካልተሰጠው እንዳልታከመ የሚቆጥር ሰው ብዙ ነው። ይህ ግሉኮስ፣ በሌላ ስሙ ዴክስትሮዝ፣ 5 በመቶ ሲሆን አንድ ሊትሩ የሚይዘው 50 ግራም ስኳር ነው፤ አሥር የሻይ ማንኪያ ያህል። አፉን ከፍቶ ሻይ መጠጣት ለሚችል ሰው ይህን በደም ሥሩ ማስገባት ጥቅሙ የለም፤ አደጋው ግን አለ። ክሊኒኩም ለገቢው ሲል ባይሆን እንኳ ደንበኛውን ላለማስከፋት ይሰጣል። ይህ ልማድ መቆም አለበት።

ጨቅላዎቹ

ይህ ጉዳይ በጣም የሚያመኝ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ላይ ሲደርስ ነው። ያለ ቀኑ የተወለደ ሕፃን ቆዳው ስስ፣ የመከላከል አቅሙ ደካማ ነው፤ የሚመገበውም የሚታከመውም ብዙ ጊዜ በደም ሥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 እና 2018 መካከል ኢትዮጵያን ጨምሮ በሰባት የእስያና የአፍሪካ አገሮች የተካሄደውና «ባርናርድስ» በሚል ስያሜ የሚታወቀው ጥናት፣ በእነዚህ አገሮች ጨቅላዎች ላይ የደም መመረዝን በማምጣት ክሌብሲየላ የተባለው ባክቴሪያ ቀዳሚ መሆኑን አሳይቷል። በአገራችን ጥናቱ የተካሄደው በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ነው። ከተገኙት ባክቴሪያዎች ብዙዎቹ ሐኪም በቅድሚያ የሚያዛቸውን አንቲባዮቲኮች የሚቋቋሙ ነበሩ።

ክሌብሲየላን አስጊ የሚያደርገው አንድ ባሕርይ አለ፤ በክፍል ሙቀት በዴክስትሮዝ ውስጥ መራባት ይችላል። ለአንድ ጨቅላ የሚበቃው ፈሳሽ ጥቂት ሚሊሊትር ስለሆነ፣ አንድ ከረጢት ከፍቶ ለብዙ ሕፃናት በሲሪንጅ እየቀዱ መስጠት ቁጠባ ይመስላል። በአንድ ብልቃጥ መድኃኒት ላይ መርፌ ተሰክቶ መተውም እንዲሁ። በተለያዩ አገሮች በጨቅላ ክፍሎች የተነሡ ወረርሽኞች ሲመረመሩ ምንጫቸው ይኸው የጋራ ከረጢትና የጋራ ብልቃጥ ሆኖ የተገኘበት ጊዜ አለ። ለእያንዳንዱ ሕፃን የተለየ ትንሽ መጠን ያለው ፈሳሽ ማቅረብ የነርሷ ሥራ ሳይሆን የአቅርቦት ኃላፊዎች ሥራ ነው፤ መድኃኒት የሚገዛው አካል ትንንሽ መጠኖችን ካልገዛ በክፍሉ ያለችው ነርስ ምርጫ የላትም።

ከአህጉራችን የሚጠቀስ ተስፋም አለ። በዛምቢያ ሉሳካ በሚገኘው የዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል የጨቅላ ክፍል ርካሽ ነገሮች በአንድ ላይ ተሞከሩ፤ ለሠራተኞች ሥልጠና፣ በስልክ የሚላክ የማስታወሻ መልእክት፣ የእጅ ማጽጃ አልኮል፣ የተጠናከረ የክፍል ጽዳት፣ ከ1.5 ኪሎ ግራም በላይ ለሆኑ ሕፃናት ደግሞ በሳምንት አንድ ጊዜ በክሎርሄክሲዲን ማጠብ። የደም ኢንፌክሽኑም የሕፃናቱ ሞትም ቀነሰ። ክሎርሄክሲዲን ለእኛ እናቶች እንግዳ አይደለም፤ ለእትብት የሚቀባው ጄል እርሱ ነው። የመጠኑ ልክ ግን ለየአገልግሎቱ ይለያያልና አንዱን በሌላው መተካት አይቻልም።

የኩላሊት እጥበት ታካሚዎችንም ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም። ብዙዎቹ በሽታቸው የሚታወቀው ዘግይቶ ስለሆነ እጥበቱን የሚጀምሩት በአንገት በገባ ጊዜያዊ ቱቦ ነው፤ በዚያው ለወራት የሚቆዩም አሉ። የክንድን ሁለት የደም ሥሮች በቀዶ ሕክምና አገናኝቶ ለእጥበት ማዘጋጀት ከሁሉም የኢንፌክሽን አደጋው ዝቅተኛ የሆነው መንገድ ነው። ይህ ቀዶ ሕክምና ግን ለመዳበር ሳምንታት ይፈልጋልና ኩላሊቱ እየደከመ ያለ ሰው ቀድሞ መላክ አለበት።

አስታማሚው ምን ያድርግ?

በአገራችን ታካሚው አልጋ አጠገብ ሌሊትና ቀን የሚቀመጠው አስታማሚ ነው። ነርሷ ያላየችውን እርሱ ያያል። ካኑላው ዙሪያ መቅላት፣ ማበጥ፣ ሕመም ወይም ፈሳሽ ካለ፣ ፕላስተሩ ከረጠበ ወይም ከተነሣ ወዲያው ይናገር። መድኃኒት ወይም ፈሳሽ ከተጀመረ በኋላ ታካሚው በድንገት ብርድ ብርድ ካለውና ከተንቀጠቀጠ ደግሞ ይህ የጊዜ ጉዳይ ነው፤ ሳይጠበቅ ነርስ መጠራት አለበት። ፈሳሹ ሲያልቅ መስመሩን በራስ እጅ መንቀልና መልሶ መግጠም፣ ክዳኑን መክፈት አይገባም። «ሲስተር፣ ይህ ካኑላ ዛሬም ያስፈልገዋል?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ደግሞ የማንም መብት ነው፤ ይህን የጠየቀ ሰው እንደ ተቺ ሊቆጠር አይገባም።

መቁጠር

ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2014 ንጹሕና ደህንነቱ የተጠበቀ የጤና ተቋም የሚለውን ንቅናቄ ሲጀምር የብዙ ሆስፒታሎች ግቢና መጸዳጃ መልክ ተቀይሯል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሚታየውን ወለል የማጽዳት ትጋት ግን በቱቦው አፍ ላይ ወዳለው የማይታይ ጀርም ገና በሚገባው ልክ አልደረሰም። አንዱ ምክንያት አለመቁጠራችን ነው። የደም ናሙናን አሳድጎ ባክቴሪያውን የሚለይ ላቦራቶሪ በብዙ ሆስፒታሎች የለም፤ ባለበትም አንቲባዮቲክ ከተጀመረ በኋላ ናሙና ስለሚወሰድ ውጤቱ ባዶ ይሆናል። በዚህ ምክንያት በቱቦ የመጣ ሞት በሰነድ ላይ «የደም መመረዝ» ተብሎ ይጻፋል፤ ከየት እንደመጣ አይጠየቅም።

የላቦራቶሪው ጉዳይ ገንዘብና ዓመታት ይፈልጋል፤ መጠናከርም አለበት። እስከዚያው ድረስ ግን ያለ ላቦራቶሪ የሚቆጠሩ ነገሮች አሉ። አንድ ነርስ በሳምንት አንድ ቀን በክፍሏ እየዞረች አራት ነገሮችን በወረቀት ብትመዘግብ ይበቃል፤ ዛሬ ስንት ታካሚ ካኑላ አለው፣ ከእነዚህ በስንቱ ላይ የገባበት ቀን ተጽፏል፣ ስንቱ ባለፉት 24 ሰዓታት ምንም አልተሰጠበትም፣ ስንቱ ቀልቷል ወይም አብጧል። ይህ ወረቀት በየሰኞው የጠዋት ስብሰባ ላይ ለሜዲካል ዳይሬክተሩ ይቅረብ፤ ዳይሬክተሩም የጎደለውን አልኮልና ፕላስተር የሚያስገዛበትን ቀን እዚያው ይናገር። በሚቀጥለው ሰኞ ደግሞ ውይይቱ የሚጀመረው ያ ዕቃ መግባቱን ከመጠየቅ ይሁን።